ስለ ቦርሳ ገበር

በቤቴ ቦርሳ መስፋት ከጀመርሁ ወዲህ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ሁሉ ስለ ላይኛው ጨርቅና ስለ ቀለሙ ማማር ቢሆንም፣ ቦርሳው ስንት ዘመን እንደሚያገለግል የሚወስነው ከዓይን የተሰወረው ገበሩ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ብቻ ልጽፍ ወደድሁ።

ከዓይን ለሚሰወር ነገር መጠንቀቅን የቀደሙት የመጽሐፍ ደጓሾች አሳምረው ያውቁ ነበር። የብራናውን መጽሐፍ ገበታ በቆዳ ካለበሱና የቆዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ካጠፉ በኋላ፣ በመካከል ባዶውን የሚቀረውን የገበታውን ውሳጤ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር በመጣ ሐር ወይም አበባ በታተመበት ጥጥ ይሸፍኑት ነበር፤ መጽሐፉ ተዘግቶ በማኅደሩ ሲሰቀል ያን ጨርቅ የሚያየው የለም፣ ገልጦ የሚያነበው ካህን ብቻ ያገኘዋል። እኔም ገበር በምመርጥበት ጊዜ ሁሉ ይህ ሥራ ትዝ ይለኛል።

ለእኅቴ ልጅ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ የትምህርት ቤት ቦርሳ በሰፋሁላት ጊዜ፣ ማብረቅረቁን ወድጄ ገበሩን ጥቁር ሳቲን አደረግሁት። ሁለት ወር ሳይሞላው የእርሳሱ ጫፍ ክሩን መዝዞ፣ ስፌቱ አጠገብ ጨርቁ ተተርትሮ፣ ልጂቱም ላጲሷን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው በእጇ እየዳበሰች አገኘኋት። ሳቲን የሚያበራው ክሩ ከብዙ ክሮች በላይ ሳይጠለፍ ስለሚያልፍ ነው፤ በዚያው ምክንያት ሹል ነገር በቀላሉ ያነሣዋል፣ የተቈረጠ ጠርዙም አይጸናም። በአቡጀዲና በፖፕሊን ግን ድርና ማጉ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሉ በየክሩ ስለሚጠላለፉ፣ ሽመናው ጠበቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ቁልፍም ሳንቲምም ይችላሉ። ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ በውሃ ሰማያዊ ወይም በነጣ ቢጫ ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ ይታያል።

ነጋዴው ጥጥ ነው ብሎ የሰጣችሁን ጨርቅ ለማወቅ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በጥንቃቄ አቃጥሉት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠንካራ ዶቃ ይቋጠራል። ጥጡን ሳታጥቡ አትቍረጡ፤ ከአንድ ሜትር 3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ሊያጥር ስለሚችል፣ ከተሰፋ በኋላ ቢሰበሰብ ላይኛውን ጨርቅ ይዞ ይጨማደዳል። የምሳ ዕቃ ለሚይዝ ቦርሳ ግን ውሃ የማያስገባው የጃንጥላ ጨርቅ ይሻላል፤ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ስለማይደፈን በስፒል ፈንታ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ካውያውንም አታግሉበት።

ስትቈርጡ ገበሩን ከላይኛው በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ያህል አጥብቡት፤ እኩል ከሆነ ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል።

አዲስ ለመግዛት አቅም የሚያንሳችሁ እንደ ሆነ፣ በሣጥናችሁ ያለውን አሮጌ የጥጥ አንሶላ አትናቁት፤ በብዙ እጥበት ማጠሩን የጨረሰ ስለ ሆነ ከአዲሱ ይልቅ የታመነ ነው፣ ብቻ ሰው ሲተኛበት ከሳሳው ከመካከሉ ሳይሆን ከዳሩ ቍረጡ። የእኅቴን ልጅ ቦርሳ ሁለተኛ ገበር የሰፋሁት ከእንዲህ ያለ አንሶላ ዳር ሲሆን፣ እነሆ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።