ሽታ የሌለው አደጋ፦ የጋዝ ማሞቂያ ለምን በየጊዜው ይፈተሻል?

በስዊዘርላንድ የመኖሪያ ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ የተተከሉ የጋዝ ማሞቂያዎች በየጊዜው በባለሙያ ይጎበኛሉ። ባለሙያው በእጁ የያዘውን መለኪያ ቀጭን የብረት ቱቦ በጭስ ማውጫው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ያስገባል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም የጭሱን ሙቀት፣ የኦክስጅኑንና የካርቦን ሞኖክሳይዱን መጠን ያነባል። ለተከራዩ ተራ የሥራ ጉብኝት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም መለኪያው የሚፈልገው የሰው አፍንጫ ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችለውን ነገር ነው።

ለቤት ማሞቂያ የሚውለው የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። በቂ አየር አግኝቶ ሲቃጠል ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሚተርፈውም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ነው። ማቃጠያው በአቧራ ሲደፈን፣ የጭስ ማውጫው ሲዘጋ ወይም ማሞቂያው ያለበት ክፍል አየር ሲያጥረው ግን ቃጠሎው ጎደሎ ይሆናል። ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል።

ብዙዎች «ጋዝ ካመለጠ ይሸታል» ብለው ይጽናናሉ። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በራሱ ሽታ የለውም፤ ሽታው መፍሰሱ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ጋዙ ሲቃጠል ይህ ሽታም አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ሽታው ስለ ፍሳሽ እንጂ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያስጠነቅቅም። ተራው የጭስ ጠቋሚ መሣሪያም ይህን ጋዝ አይለይም፤ ለእርሱ ራሱን የቻለ ጠቋሚ ያስፈልጋል።

በደም ውስጥ የሚሆነው

ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ሰውየው እየተነፈሰ፣ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ይራባሉ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማዋል፤ ይህም ከጉንፋን ጋር በቀላሉ ይምታታል። ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያም ሁለቱን ስለማይለይ መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በንጹሕ አየር ውስጥ መርዙ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል።

በስዊዘርላንድ የአየር ብክለት መከላከያ ደንብ መሠረት የዘይት ማሞቂያዎች በአብዛኛው በየ2 ዓመቱ፣ የጋዝ ማሞቂያዎች ደግሞ በየ4 ዓመቱ ይለካሉ። ይህ ልኬት በዋነኛነት የአየሩን ንጽሕና ለመጠበቅ የተደነገገ ነው። ማቃጠያውን ማጽዳት፣ የጭስ ማውጫውን መመርመርና ያረጁ ክፍሎችን መለወጥ ራሱን የቻለ ጥገና ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ተከራይም ቢሆን ነበልባሉ ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ በማሞቂያው ዙሪያ ጥላሸት ሲታይ ወይም መስኮቶች ያለ ልማዳቸው ሲያልባቸው ለአከራዩ ማሳወቅ ይገባዋል እንጂ መሣሪያውን ራሱ ሊፈታው አይገባም።

ጋዙ ሲሄድ ፍሙ ይቀራል

በዙሪክ ሰሜን በምትገኘው ሽዋመንዲንገንና በአጎራባቾቿ ግን የጋዝ ማሞቂያ ዘመን እንዲያበቃ ተወስኗል። ከተማዋ ለእነዚህ ሠፈሮች የተዘረጋውን የጋዝ መስመር ደረጃ በደረጃ ለመዝጋት ወስናለች። በምትኩ በአካባቢው ካለው የሃገንሆልትስ ቆሻሻ ማቃጠያ የሚገኘው ሙቀት በመሬት ውስጥ ቧንቧዎች ወደ ሕንፃዎች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ የጸናው የዙሪክ ካንቶን የኃይል ሕግም ያረጁ የጋዝና የዘይት ማሞቂያዎች በመርሕ ደረጃ በታዳሽ ኃይል በሚሠሩ እንዲተኩ ያዝዛል። በእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ለማሞቂያ የሚነድ እሳት የለም።

ነገር ግን ማንም ባለሙያ መጥቶ የማይፈትሸው አንድ እሳት አለ፤ እርሱም ከረከቦቱ አጠገብ የሚቀመጠው የከሰል ምድጃ ነው። በአገር ቤት ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ ቤት ይገባል፤ «ፍም ከሆነ አይጎዳም» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የማይጨስ የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል። ብርድ እንዳይገባ በርና መስኮቱ አየር በማያስገባ መንገድ የተሠራ የአውሮፓ አፓርታማ ደግሞ በጣሪያና በግድግዳ ክፍተቶች ከሚተነፍስ ቤት ጋር አይወዳደርም። መስኮት ገርበብ ማድረግም በቂ ዋስትና አይደለም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢፈላ፣ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ቢጨስ፣ ወጉ አይጓደልም። ከሰል ለክፍል ማሞቂያነት በተለይም ለመኝታ ፈጽሞ ወደ ቤት መግባት የለበትም።

በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ከያዛቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ጥርጣሬው ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ተግባር ሁሉንም ይዞ ወዲያው መውጣት ነው፤ ቀጥሎ እርዳታ መጥራት። በስዊዘርላንድ አምቡላንስ በ144፣ እሳት አደጋ በ118፣ የመርዝ ምክር አገልግሎት በ145 ይገኛሉ። በሌላ አገር የሚኖር አንባቢም የአገሩን ቁጥሮች ከወዲሁ መያዝ ይኖርበታል። የተመረዘ ሰው ግራ ስለሚጋባ፣ በዚያች ሰዓት ቁጥር የመፈለግ አቅም ላይኖረው ይችላልና።