ባላክና አራቱ ደቂቃዎች

ስለ ኳስ ሲወራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ዋንጫ የበሉት ናቸው። ዛሬ ግን የዓለም ዋንጫን ሳያነሳ ስለቀረ አንድ ጀርመናዊ አማካይ እናጫውታችሁ።

ሚካኤል ባላክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1976 በምሥራቅ ጀርመን፣ በፖላንድ ድንበር ላይ ባለችው ጎርሊትስ ከተማ ነው። ያደገው ካርል ማርክስ ሽታት ውስጥ ነው። በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሃዱ ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር ቀረ፤ ከተማውም ኬምኒትስ ወደሚለው የድሮ ስሟ ተመለሰች። ልጁ ያኔ ገና 14 ዓመቱ ነበር። አገሩም የከተማው ስምም ሲቀየር እሱ ኳሱን አልተወም።

በ1997 ወደ ካይዘርስላውተርን ሄደ። ቡድኑ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ባደገ በዓመቱ፣ በ1998፣ የጀርመን ሻምፒዮን ሆኖ ሁሉን ጉድ አሰኘ። በ1999 ደግሞ ባላክ ባየር ሌቨርኩሰን ገባ።

ከዚያ 2002 መጣ። ሌቨርኩሰን ሦስት ጨዋታ ሲቀረው ሊጉን በ5 ነጥብ ይመራ ነበር፤ በመጨረሻ ግን በ1 ነጥብ ዶርትሙንድ ቀደመው። የጀርመን ዋንጫን በሻልከ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በሪያል ማድሪድ ተነጠቀ። በአንድ ወር ሦስት ዋንጫ ከእጅ አመለጠ!

በዚያው ዓመት ጀርመን በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደቡብ ኮሪያን ሴኡል ውስጥ ገጠመች። ባላክ ቀደም ሲል አንድ ቢጫ ካርድ ነበረበት። በ71ኛው ደቂቃ ኮሪያዊው አጥቂ ወደ ጎል ሲገሰግስ ጠልፎ ጣለው። ቢጫ ወጣ። በጊዜው ደንብ ይህ ማለት ቡድኑ ቢያልፍም እሱ ፍጻሜውን አይጫወትም ማለት ነው።

ወጣቶቻችን፣ ጥፋት ሥሩ እያልን አይደለም። ልብ በሉልን የምንለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። ባላክ ግን በ75ኛው ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ደረሰ፤ መጀመሪያ የመታውን በረኛው ሲመልስበት ደግሞ በግራ እግሩ አገባው። 1 ለ 0! ጓደኞቹን እሱ ወደማይገባበት ፍጻሜ አሳለፋቸው። ያለ እሱ በብራዚል 2 ለ 0 ተሸነፉ።

በኋላ ከባየርን ሙኒክ ጋር በ2003፣ 2005 እና 2006 ሊጉንም ዋንጫውንም ወሰደ። በ2010 ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝን ሁለቱንም ዋንጫዎች አነሳ፤ ግን በዚያው የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ተጎድቶ የደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ አመለጠው። ለአገሩ 98 ጊዜ ተሰልፎ 42 ጎል አግብቷል፤ ለአማካይ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ደንቡም ከ2010 ጀምሮ ተሻሽሏል፤ ከሩብ ፍጻሜ በኋላ የቆየ አንድ ቢጫ ይሰረዛል። ለባላክ ዘገየ እንጂ!

መቼም ለራስ በማይደርስ ነገር ላይ መልፋት ከባድ ነው። እኛ ግን ያቺን የ75ኛ ደቂቃ ጎል ከብዙ ዋንጫ አናሳንሳትም።