ያውቁ ኖሯል? ከርከዴ ያለ እሳት ይዘጋጃል
ደማቅ ቀይ የከርከዴ ሻይ ለማዘጋጀት ምድጃ መለኮስ እንደማያስፈልግ ያውቁ ኖሯል? ቀለሙም ኮምጣጣ ጣዕሙም በቀዝቃዛ ውኃ ይወጣሉ። ለ1 ሊትር ንጹሕ የመጠጥ ውኃ አንድ እፍኝ የታጠበ ደረቅ ከርከዴ ይበቃል፤ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ያድርና ጠዋት ይጠለላል። ዶዮገናን በመሰለ ደጋ ፍሪጅ ባይኖርም የሌሊቱ ብርድ ያግዛል። ከዚያ የብርቱካን ጭማቂ፣ የአናናስ ቁራጭና ማር ይገባበታል፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቅላቱ ይበልጥ ይፈካል። ጠጅ ሳር መጨመር ቢያምርዎ ግን፣ እሱ መዓዛውን በደንብ የሚሰጠው በፈላ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ለብቻው ፈልቶና ቀዝቅዞ ይቀላቀላል። ከርከዴ ከሻይ ቅጠል ስለማይዘጋጅ ካፌይን የለውም። ደረቁ ቀይ ነገርም የአበባው ቅጠል አይደለም፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ልባስ ነው።