ስለ «ሬክተር ስኬል» በመሃላችን ይቅር

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ከሰሙኝ ጉዴ ነው።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? አዋሽ ፈንታሌ ሲናጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው በሌሊት ልብሱ ደረጃውን ሲወርድ፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ደግሞ «ምን ሆናችሁ?» ሲል? ሲነጋ ዜናው መጣ፤ «በሬክተር ስኬል የተለካ…»። እኛ የመሬትን ንዝረት ስናነብ የምንውለው እዚህ ጋ እርስ በርስ እንተያይና ከንፈራችንን እንነክሳለን።

ለምን መሰላችሁ? አንደኛ፣ ሰውዬው «ሬክተር» አይደለም፤ ሪክተር ነው፤ ቻርልስ ሪክተር። ሁለተኛ፣ የሱ መለኪያ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች ጡረታ ከወጣ ቆየ። አሁንም የሚሠራበት ለቅርብና ለትንንሾቹ ነው። ዜናው ግን እስከ ዛሬ ደመወዝ ይከፍለዋል።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሪክተር የያዘው አንድ ዓይነት መሣሪያ ነበር። ደንቡም ቀላል ነው። መንቀጥቀጡ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን መሣሪያ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ካወዛወዘ፣ 3 ብለህ ጻፍ። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4። በቃ! ለደቡብ ካሊፎርኒያ ብቻ የታሰበ የጓሮ መለኪያ ነበር። በየእርከኑ በ10 የማባዛቱን ዘዴ የጠቆመው ባልደረባው ቤኖ ጉተንበርግ ነው። ስሙን ግን ማን ያነሳዋል? «ማግኒቲዩድ» የሚለው ቃልስ? ከከዋክብት ድምቀት መለኪያ የተወሰደ ነው። ሪክተር የሰማይ ፍቅር ነበረው። ሳሎኑ ውስጥም የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ተክሎ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ምን ይል እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ምን ነካው? ሚዛኑ ይሞላል። የሽንኩርት ሚዛን ላይ በሬ እንደ መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሊ ስትናወጥ፣ የንዝረት ሞገዱን ከፍታ የሚለኩት የድሮ ዘዴዎች 8 ተኩል አካባቢ ደርሰው አልንቀሳቀስ አሉ። እውነተኛው መጠን 9.5 ነበር። በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1979 ቶማስ ሃንክስና ሂሮ ካናሞሪ አዲስ ሒሳብ አመጡ። የተሰነጠቀው ዓለት ስፋቱ ስንት ነው? ስንት ሜትር ተንሸራተተ? ዓለቱስ ምን ያህል ደንዳና ነው? ሦስቱን አባዛ። ከዚህ ብዜት የሚሰላው ቁጥር «ሞመንት ማግኒቲዩድ» ይባላል። ዛሬ ስለ ትልቅ መንቀጥቀጥ የምትሰሙት ቁጥር ባመዛኙ የሱ ነው። ስሙ ግን አፍ ላይ አይጥምም መሰለኝ።

አሁን ደግሞ የምትወዱትን ልንገራችሁ። ከ5 ወደ 6 ስንሄድ «አንድ ጨመረ» ነው የምትሉት አይደል? ውዝዋዜው በ10 ይበዛል፤ ጉልበቱ ግን ወደ 32 እጥፍ። ሁለት ደረጃ ከሆነ 1,000 እጥፍ። 6 ሆኖ የተለካ መንቀጥቀጥ በንዝረት የሚለቀው ጉልበት ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ቦምብ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ «ትንንሾቹ እያስተነፈሱልን ነው» የሚል ጎረቤት ካላችሁ፣ ለአንድ 6 አንድ ሺህ 4 ያስፈልጋል በሉት። ዝም ይላል።

ሌላ ምሥጢር። የመጀመሪያው ቁጥር ረቂቅ ነው። እኔ ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ፈጣኑን የንዝረት ሞገድ ነው፤ ቀጥሎ ዘገምተኛውን። በመሃላቸው ያለውን ሰከንድ በ8 አባዛለሁ፤ 20 ሰከንድ ከሆነ ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። እዚያው መሃል ሲኖትራክ ካለፈ መስመሩ አብሮ ይደንሳል! ከየጣቢያው መረጃ ሲመጣ ቁጥሩ ይስተካከላል። አንዱ ተቋም ከሌላው ሲለይ «ዋሹን» አትበሉ፤ ጣቢያቸውና ዘዴያቸው ይለያያል። በዚህ ሥራ የማይታሙት ጃፓኖች እንኳ መጋቢት 2003 ዓ.ም. ሱናሚ ያስነሣባቸውን መንቀጥቀጥ መጀመሪያ 7.9 አሉት። መጨረሻው 9.0 ሆነ። በጉልበት ሲሰላ ከ40 እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። የመጀመሪያው የሱናሚ ማስጠንቀቂያም የማዕበሉን ከፍታ ያሳነሰው ለዚህ ነበር።

ትልቁን ምሥጢር ለመጨረሻ አቆየሁት። ያ ሁሉ ሰው የሚጣላበት ቁጥር ስለ ቤታችሁ ምንም አይናገርም። ማግኒቲዩድ የከበሮ መቺው ክንድ ነው፤ ከበሮው ሥር የቆመና ከአጥር ውጭ ያለ ሰው ግን እኩል አይሰሙም። ክራይስትቸርች፣ ኒውዚላንድን እዩ። መስከረም 2010 እ.ኤ.አ. 7.1 መታት፤ ሕንፃ ወድቆበት የሞተ አልነበረም። በአምስት ወሩ የመጣው 6.2 ነበር፤ 185 ሰው ገደለ። ትንሹ ከከተማዋ ሥር፣ ጥልቀቱም አጭር ነበርና።

ይህን የሚነግረን ሌላ መለኪያ ነው፤ የመርካሊ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል። መሣሪያው ምን መሰላችሁ? እናንተ። አምፖሉ ተወዛወዘ? ሲኒው ከረከቦቱ ወደቀ? ከእንቅልፍ ነቃችሁ? ግድግዳው ተሰነጠቀ? አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ መመልከቻውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን፣ መሣሪያ ያልነበረበትን የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ የሰበሰቡት በዚሁ መንገድ ነው። ከድሮ ጽሑፍና ከሰው ምስክርነት ለቅመው፣ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙት።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትናጡ ራሳችሁን ካዳናችሁ በኋላ «ስንት ነው?» ብላችሁ ስልክ ከመጎርጎራችሁ በፊት ሰዓቱን፣ ፎቁን፣ የወደቀውን ዕቃ ጻፉልን። ቁጥሩን እኛ እናስተካክለዋለን። ሳሎናችሁን ግን ካልነገራችሁን አናውቀውም።