የኮምፓይለር ጊዜ የት ይጠፋል? የሥራ ሂደትን በየክፍሉ የመለካት ጠቀሜታ

የኮምፒዩተር ባለሙያ የሚጽፈው ፕሮግራም በአብዛኛው እንዳለ ሥራ ላይ አይውልም። ጽሑፉን ማሽኑ ሊፈጽመው ወደሚችለው መመሪያ የሚለውጥ ኮምፓይለር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በአይቢኤም ኩባንያ በጆን ባከስ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957 ለአገልግሎት ያበቃው የፎርትራን ኮምፓይለር ከዘርፉ ፈር ቀዳጆች አንዱ ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን ሥራው በስድስት ተከታታይ ክፍሎች የተደራጀ ነበር።

ዛሬ ያሉት ኮምፓይለሮችም ሥራቸውን በደረጃ ያከናውናሉ። ጽሑፉን አንብበው ቃላቱን ይለያሉ፤ አገባቡን ይመረምራሉ፤ የመረጃ ዓይነቶቹ መጣጣማቸውን ያረጋግጣሉ፤ ፕሮግራሙ ፈጣን እንዲሆን ያሻሽሉታል፤ በመጨረሻም የማሽኑን መመሪያ ያዘጋጃሉ። ትልልቅ ፕሮግራሞች ይህን ሂደት ለማለፍ በርካታ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። ባለሙያው እርማት ባደረገ ቁጥር ውጤቱን ለማየት መጠበቅ ስላለበት በዓመት ተደምሮ የሚባክነው የሥራ ጊዜ ቀላል አይደለም።

ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚቀርበው የመፍትሔ ሐሳብ በርካታ ፕሮሰሰሮች ያሉት ኮምፒዩተር ይገዛ የሚል ነው። ይሁንና ሥራው ተከፋፍሎ ጎን ለጎን ሊካሄድ የማይችል ከሆነ ተጨማሪዎቹ ፕሮሰሰሮች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያመለከቱትም ይህንኑ ነው። ስሌቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ 100 ሰከንድ ከሚፈጅ ሥራ ውስጥ 10 ሰከንድ የሚወስደውን ክፍል በእጥፍ ማፍጠን የሚያስገኘው 5 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ 60 ሰከንድ የሚወስደውን ክፍል በዚያው መጠን ማሻሻል ግን 30 ሰከንድ ያተርፋል። በመሆኑም የግዥ ጥያቄ የቀረበለት ኃላፊ ጊዜው በየትኛው ክፍል እንደሚጠፋ የሚያሳይ ልኬት ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተካሄደው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት ወቅት አንድ ጉዳይ በየደረጃው የሚቆይበት ጊዜ ይመዘገብ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንም።

ቀላሉ የመለኪያ ዘዴ ኮምፓይለሩን መንገድ ላይ ማስቆም ነው። አገባቡን ብቻ መርምሮ እንዲያቆም ታዝዞ 20 ሰከንድ ቢወስድበት፣ ሙሉውን ሥራ ደግሞ በ50 ሰከንድ ቢጨርስ፣ ልዩነቱ 30 ሰከንድ የቀሪዎቹ ደረጃዎች ድርሻ ነው ማለት ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከዚህ አልፎ፣ ሲታዘዝ እያንዳንዱ ክፍል የወሰደውን ጊዜና የተጠቀመበትን የማስታወሻ መጠን በሠንጠረዥ ያወጣል። በቀደሙት እትሞች ሠንጠረዡ በግድግዳ ሰዓት የሚለካውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ በትክክል ከሠራበት ጊዜ ለይቶ ማሳየቱ ጠቃሚ ነበር፤ ሁለቱ ሲራራቁ ፕሮግራሙ ዲስክ ወይም ሌላ ሥራ ሲጠብቅ መቆየቱን ያመለክታልና። ኮምፓይለሩ ተጨማሪ የውስጥ ፍተሻዎችን እንዲያካሂድ ሆኖ የተዘጋጀ ከሆነም ከልኬቱ ጋር ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን ማስጠንቀቂያ ችላ ብሎ ስለ ፍጥነት መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ክላንግ በተባለው ኮምፓይለር ላይ ደግሞ አራስ ፕራንኬቪቹስ የተባሉ ባለሙያ ያበረከቱት፣ ሂደቱን በጊዜ መስመር ላይ በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 9ኛ እትም ተካቷል። የሲ ፕላስ ፕላስ ተጠቃሚዎች በዚህ መሣሪያ ሲመለከቱ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ያልጠበቁትን ነው። ጊዜውን የሚወስደው ራሳቸው የጻፉት ሳይሆን፣ ጽሑፉ ከሌሎች ፋይሎች እንዲገቡለት የሚጠይቃቸው መግለጫዎች ሆነው ይገኛሉ። ጥቂት መስመሮች ያሉት ፕሮግራም በዚህ ምክንያት በአሥር ሺዎች ወደሚቆጠሩ መስመሮች ሊያድግ ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በሥዕሉ ላይ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ ስለሚታይ ሁሉንም መደመር አንዱን ጊዜ ሁለቴ መቁጠር ይሆናል።

ምክንያቱን ማወቅ ጥገናውን ቀላል አያደርገውም። ኢንጎ ሞልናር የሊኑክስን ማዕከላዊ ፕሮግራም የመገንቢያ ጊዜ ለማሳጠር እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2022 ለውይይት ያቀረቡት፣ በተለይ እነዚህን የመግለጫ ፋይሎች የሚመለከተው ሥራ ከ2 ሺህ 200 በላይ ማሻሻያዎችን የያዘ ነበር።

ልኬቱ ራሱም ሊያሳስት ይችላል። በመጀመሪያው ጊዜ ከዲስክ የተነበበ ፋይል በሁለተኛው ጊዜ ከማስታወሻ ስለሚገኝ ውጤቱ ይለያያል። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም ይሻሙታል። ኤልኤልቪኤም በተባለው የኮምፓይለር ሥራ የሚሳተፉት ኒኪታ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረጉት የክትትል ዘዴ ከሰዓት ይልቅ ፕሮሰሰሩ የፈጸማቸውን መመሪያዎች ብዛት በዋና መለኪያነት የወሰዱት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ዓይነት ሥራ ሲደጋገም ይህ ቁጥር እምብዛም ስለማይዋዥቅ ከ1 በመቶ በታች የሆነ ለውጥ እንኳ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ፕሮሰሰሩ መረጃ ከማስታወሻ እስኪደርስለት የጠበቀበትን ጊዜ የመመሪያዎቹ ብዛት ስለማያሳይ፣ በሰዓት የሚለካው ጊዜም ጎን ለጎን ይመዘገባል።