ፎቶግራፍን የሚያጠወልገው ዕድሜ ብቻ አይደለም

በአንድ የቤተ ዘመድ አልበም ውስጥ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ፎቶግራፎች አይተናል። ሁለቱም በአንድ የሠርግ ዕለት የተነሡ ናቸው። በአንደኛው ሙሽራይቱ ከነካባዋ ጥርት ብላ ትታያለች። በሁለተኛው ግን ሚዜዎቹ የሻይ ቀለም በመሰለ ጉም ውስጥ ገብተው፥ የአንደኛው ፊት ጨርሶ ጠፍቶአል። የቤቱ እመቤት «ምን ይደረግ ልጆቼ፥ ዕድሜ ነው» ብለው አልበሙን ዘጉት። ዳሩ ግን የሁለቱ ዕድሜ አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በዚያን ጊዜ በፎቶ ቤቱ ሳፋ ውስጥ ሳይፈጸም የቀረ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሥዕል በወረቀቱ ላይ የቀረ ደቃቅ ብር ነው። ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ የሚያወጣው ደግሞ ፎቶ አንሺዎች ሃይፖ የሚሉት መድኃኒት ነው። ይህን ጠባዩን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1819 ዓ.ም. የገለጸው እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኸርሸል ነበር። ሃይፖ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከወረቀቱ ካልወጣ ግን ወዳጅነቱ ያበቃል፤ በውስጡ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ ሥዕሉን ቢጫና ቡናማ ያደርገዋል። በ1855 ዓ.ም. የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ይህን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚቴ ባቆመ ጊዜ፥ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት 50 ፓውንድ ረድተውት ነበር። ኮሚቴውም ሥዕል የሚደበዝዝበት ተራ ምክንያት በደንብ ካለመታጠብ የተነሣ የሚቀር ሃይፖ መሆኑን አስታወቀ።

ይህን ሁሉ ያነበብነው፥ እውነቱን ለመናገር፥ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቻችን ቢጫ ከሆኑ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ጓደኛችን ጋር ሆነን የፎቶግራፍ ማጠቢያ ሣጥን አገኘንና በኪራይ ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተከልነው። ሣጥኑ እንደ መጻሕፍት መደርደሪያ በስስ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፥ በየክፍሉ አንድ አንድ ሥዕል ይቆማል። ውሃው በጎማ በታች ይገባል፤ በየሥዕሉ ሁለት ገጽ እየታከከ ወጥቶ በላይ ይፈስሳል።

ወለሉ ላይ እንዳስቀመጥነው ሁሉም ነገር የተሟላ መሰለን። ሆኖም በየክፍሉ ጥቂት የኬክ ማቅለሚያ ጠብ አድርገን ብናይ፥ በአንድ በኩል ያሉት ክፍሎች ወዲያው ሲጠሩ በሌላው በኩል ያሉት ቀይ እንደ ሆኑ ቆዩ። ነገሩ ወዲያው አልገባንም ነበር። ለካስ የመታጠቢያ ክፍል ወለል ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ ተብሎ ዘመም ተደርጎ የሚሠራ ነው፤ ሣጥኑም አብሮ ዘምሞአል። ከአንደኛው ጫፍ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ብናስገባበት ቀለሙ በሁሉም ክፍል እኩል ወጣ። አዲስ ማጠቢያ የሚያቆም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ፈተና ቢያደርግ ብዙ ወረቀት ያድናል።

ሁለተኛው ስሕተታችን ቧንቧውን እስከ መጨረሻው መክፈታችን ነበር። ሃይፖ ከወረቀቱ ጭረት ውስጥ የሚወጣው ተገፍቶ አይደለም፤ ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቀስ እያለ በመስረግ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃና ጊዜ ነው እንጂ ኃይል አይደለም። በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት መድኃኒቱን እምብዛም ስለማይጠጣ፥ በኢልፎርድ ፋብሪካ መመሪያ መሠረት በሚፈስስ ውሃ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ያለ ልባጥ የተሠራው ወረቀት ግን 60 ደቂቃ ይፈልጋል። ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀም በዚያ በኩል አይታጠብምና፥ አልፎ አልፎ ብድግ አድርጎ መመለስ ያሻል።

መቼም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ለሚኖር ሰው 60 ደቂቃ ቧንቧ ክፈት ማለት ቀልድ ይመስላል። በደቂቃ 3 ሊትር ቢወርድ እንኳ 180 ሊትር ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በበርሜል በሚያጠራቅምበት ቀን ይህን ማድረግ ያሳፍራል። መድኃኒቱ ሶዲየም ሰልፋይት የተባለው ጨው ነው። ከእርሱ 20 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠን፥ በመጀመሪያ 5 ደቂቃ የታጠበውን ሥዕል 10 ደቂቃ እንነክረዋለን። ከዚያ በኋላ ቧንቧው ደረቅ በሆነበት ቀን ሣጥኑን ትተን በሳፋ እንሠራለን፤ 4 ሊትር ውሃ ሞልተን፥ ሥዕሎቹን እያገላበጥን፥ በየ5 ደቂቃው እየደፋን ስድስት ጊዜ እንለውጣለን። ይህ 24 ሊትር ብቻ ነው። የተደፋውም ወለል ያጥባል። በመካከል ከሃይፖ የወጣ አዲስ ሥዕል ጨምሮ ሌሎቹን እንደ ገና ማቆሸሽ ግን ክልክል ነው፤ በዚህ ነገር ከጓደኛችን ጋር ሁለት ጊዜ ተጣልተናል።

መታጠቡን ዓይን አያውቅም፤ የታጠበውም ያልታጠበውም በዚያን ዕለት እኩል ነጭ ነው። ስለዚህ ሲልቨር ናይትሬትና አሴቲክ አሲድ ካለበት ብጥብጥ አንድ ጠብታ በሥዕሉ ነጭ ጠርዝ ላይ አኑረን፥ ደማቅ ብርሃን በሌለበት 2 ደቂቃ እንጠብቃለን። ጣትን ስለሚያጠቁር ጓንት ያስፈልጋል። ቡናማ ነጥብ ከታየ ሃይፖ ቀርቶአል ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የእመቤቲቱን አልበም ተውሰን፥ ያልጠፋውን የሙሽራይቱን ሥዕል ቀድተን በሳፋው አጠብነው። ከአራተኛው ውሃ በኋላ ጠብታው ቀላ ያለ ነጥብ ተወ። ከስድስተኛው በኋላ ምንም አልታየም፤ ሥዕሉንም በወንፊት ላይ አስጥተን መብራቱን አጠፋን።