ቀለሙን ተዉትና ክሩን አቃጥሉት

ኩልመስክ ላይ ትርፍራፊ ክር በፌስታል ሞልቶ ኪሮሽ ሊያሠራ ወደኔ የሚመጣ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቀለሙ ይስማማል?» ክሩ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው ሌላ ቦታ ያሠሩትን የኪሮሽ ሹራብ ይዘው መጡ። ቤት የተፈተለ የበግ ጠጉር፣ የሱቅ ክርና የጥጥ ፈትል እየተፈራረቀ ገብቶበታል። በሙቅ ውኃ አንዴ ታጥቧል። የጠጉሩ መስመር ተኮማትሮ ወገቡን አንቆታል፣ የሱቁ ክር መሃል ላይ ተነፍቶ ቀርቷል፣ የጥጡ እጅጌ ተጎልጉሎ ወርዷል። «ቢጫው ነው ልጄ ያበላሸው፤ የሠራችው ቀለም አታውቅም» አሉኝ። ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል። ቢጫው ምን አደረገ?

የበግ ጠጉር ላዩ ጥቃቅን ቅርፊት አለው። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ ይቆላለፋሉ። ኪሮሽ ሲበላሽ ጫፉን ስቦ መተርተር ነበር መፍትሔው፤ የጠጠረ ጠጉር ግን እንቢ ይላል። የሱቁ ክር አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ እሽታው አያኮማትረውም። ጥጥ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ይከብድና ገመድ ላይ ሲሰጣ ይረዝማል። ሦስቱም ለየብቻቸው ጥሩ ክር ናቸው፤ ጠባቸው የሚጀምረው አንድ ልብስ ላይ ሲገናኙ ነው።

መለየት ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ የጣት ያህል ቁረጡና ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ በጣት ሲነኩት ከደቀቀ፣ የበግ ጠጉር ነው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ ግራጫ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ከሠራ አክሪሊክ ነው። ይህችን ለማድረግ ክብሪት ይበቃል፣ ሰው ግን ክሮቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ቀይና ሰማያዊ ሲያስማማ ይውላል።

ደግሞ ላስታ ውስጥ ነን። ልጁ ከብት ጠብቆ፣ ዝናብ መትቶት ሲገባ ምድጃ ዳር ነው የሚቀመጠው። የበግ ጠጉር ረጥቦም ሙቀት ይይዛል፤ የረጠበ ጥጥ ገላን ያቀዘቅዛል። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ጠጉሩ ያርና በዚያው ይቆማል፣ አክሪሊኩ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለሕፃን ልብስ ከቀለም በፊት የሚታሰበው ይኼ አይደለም እንዴ?

የቀለሙ ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ አንዱን ቀለም አንድ ቦታ አትጨርሱት፤ ከታች የገባው ከላይም፣ እጅጌውም ላይ ጥቂት ይታይ። ክሩ ይበቃል ወይ ለሚለው ሚዛን እንጂ ዐይን አይታመንም፤ ኪሮሽ በሁለት መርፌ ከሚሠራው ሹራብ የበለጠ ክር ይበላል። የቀጠነውን ደርባችሁ ከወፈረው ጋር አስተካክሉት።

ከእንግዲህ ሦስቱን የደባለቀ ፌስታል ሳይለይ አልቀበልም። የበግ ጠጉር ብቻ ይዞ የመጣ፣ ቀለሙ አሥር ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ወረፋ አይጠብቅም።